ባለ ሦስት ጎማ ወይስ ባለ አራት?

ለአካል ጉዳተኛ የምትታጠፍ የኤሌክትሪክ ስኩተር (ተቀምጠው የሚነዷት ትንሽ ተሽከርካሪ) ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ መንገዳችሁን እዩ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ባለ ሦስት ጎማዋ እዚያ ትመቻለች፤ ጠባብ ቦታ ላይ ትዞራለች፣ ቀለል ስለምትልም ታጥፋ ባጃጅ ላይ ትጫናለች። ደብረ ማርቆስ ግን ዳገት አለ። ባለ ሦስቷ ቁልቁለት ላይ ፈጠን ብላ ስትዞር ልትገለበጥ ትችላለች፤ ከፊት ያላት አንድ ጎማ ብቻ ነውና ጎኗ ድጋፍ ያጣል። እዚያ ለሚኖር፣ ብትከብድም ባለ አራቷን እመርጣለሁ። ድንጋይ ንጣፍ ላይ ትንሽ ጎማ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ሰፋ ያለ ጎማ ፈልጉ።

ባትሪው ሊቲየም ይሁን፣ ከሊድ አሲድ (እንደ መኪና ባትሪ ካለው) በጣም ይቀላል። ደግሞ ተነቃይ ይሁን፤ ስኩተሯ በረንዳ ብታድርም ባትሪው ቤት ገብቶ ቻርጅ ይደረጋል። በአውሮፕላን ነቅላችሁ የምትይዙት አንድ ባትሪ ከሆነ ከ300 ዋት ሰዓት (Wh፣ ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) አይብለጥ።

ከመክፈላችሁ በፊት ተጠቃሚው ራሱ ተቀምጦ ይሞክራት። ፍሬኑ ለእጁ ካልቀለለው፣ እባካችሁ አትግዙ።