የትከሻን ነገር የሚያውቅ ጂም በደሴ

ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ ውስጥ እሠራበት በነበረ ጂም፣ ሳላሟሙቅ ከባድ ብረት ስገፋ የቀኝ ትከሻዬን ተጎድቼ ለሦስት ወራት ያህል ጋቢ ለመደረብ እንኳ ሰው ያግዘኝ ነበር። ያን ጊዜ ቆሞ የሚያየኝና የሚያርመኝ አልነበረም። ደሴ ከመጣሁ ወዲህ ግን ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጂም አምስት ወር ሠርቻለሁ፤ ትከሻውን ለሚሳሳለት ሰው ሁሉ የምመክረው ቤት ነው።

የደሴ ጠዋት ብርድ የታወቀ ነውና ማንም ሰው አሥር ደቂቃ ሳያሟሙቅ ብረት እንዲነካ አይፈቀድለትም። ቤንች፣ ማለትም አግዳሚ ላይ ተጋድሞ ብረት መግፋት፣ የሚጀመረውም ምንም ክብደት ባልተጨመረበት 20 ኪሎ ባር (ረጅም የብረት ዘንግ) ነው። በመጀመሪያው ቀን ተጋድሜ ስገፋ፣ ክርኖቼ ከትከሻዬ እኩል ወደ ጎን ተዘርግተው ያየው አሠልጣኝ ባሩን አስቀመጠኝና መዳፉን ክርኔ ላይ አድርጎ ወደ ጎኔ አስጠጋው፤ «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ፣ ወደ 45 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ የትከሻህንም የኋላ አጥንቶች ሰብስበህ አግዳሚው ላይ አስደግፋቸው» አለኝ። በዚያው ክብደት የተሰማኝ ልዩነት እስካሁን ያስገርመኛል።

ምክንያቱን ሲያስረዳም አይሰለችም። የክንድ አጥንት ክብ ጫፍ የሚያርፈው ጥልቀት በሌለው ትንሽ ጎድጓዳ ላይ በመሆኑ፣ ትከሻ ወደፈለጉት አቅጣጫ ቢዞርም በቦታው አጽንተው የሚይዙት በአብዛኛው በዙሪያው ያሉት አራት ትንንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። እነሱን ለማጠንከር ክርንና ጎን መካከል የታጠፈ ፎጣ ይዘን፣ ቀጭን ላስቲክ ወደ ውጭ እየሳብን 15 ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር እንሠራለን። በጀርባ መሥሪያው ማሽን ላይ ከላይ የተንጠለጠለውን ባር ስቦ ከአንገት ኋላ ማውረድ ለአብዛኛው ሰው ትከሻ ስለማይመች ወደ ደረት እንድንስብ ይነገረናል፤ ደረት በተሠራ ቁጥርም የጀርባ ሥራ በዚያው መጠን ይታዘዛል።

የማላልፈው ጉድለትም አለ። ዳምቤሎቹ (በአንድ እጅ የሚያዙት ብረቶች) ከ5 ኪሎ በቀጥታ ወደ 10 ኪሎ የሚዘሉ በመሆናቸው ከጉዳት ለሚያገግም ሰው እርምጃው እጅግ ሰፊ ነው፤ ከባዶቹ ደግሞ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጡ ሲያወርዷቸው ብቻ ትከሻን ሊጎዱ ይችላሉ። ሁለቱንም ነግሬያቸዋለሁ፤ እስካሁን አልተስተካከለም። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ሰው ስለሚበዛ አንዱ አሠልጣኝ ለሁሉም አይደርስም፤ አዲስ የሚጀምር ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ቢሄድ ይሻለዋል።

ትከሻው ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ወይም ክንዱን ወደ ላይ ማንሳት ያቃተው ሰው ግን ከመመዝገቡ በፊት ሐኪም ይየው፤ እኔንም ሲመዘግቡኝ አስቀድመው የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር።