የቤት ውስጥ ፖሊሽ ማሽኔ፣ ከመስቀል እስከ ሰኔ

የመኪና ፖሊሽ ማሽኗን የገዛኋት በመስቀል ሰሞን ነው፤ አሁን ሰኔ ገብቷል። ዱዋል አክሽን የሚባለው ዓይነት ናት፣ ስፖንጇ እየተሽከረከረ ወዲያና ወዲህም ይወዛወዛል። ጋራዥ ውስጥ እንደ ግራይንደር ከምትጮኸው ጋር አታምታቷት። ያቺ ፈጣን ናት፣ ግን ቀለሙን ቶሎ ታግለዋለች፣ ጥቁር መኪና ላይ ደግሞ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታይ ክብ ክብ ጭረት ትታ ትሄዳለች። የኔዋ ቀርፋፋ ናት። ለጀማሪ እጅ የምትመቸውም ለዚሁ ነው።

መኪናዬ ሰማያዊ የድሮ ኮሮላ ናት፣ የምታድረውም ውጭ። የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ከሁሉ ቀድመው የሚነጡት ኮፈንና ጣራ ናቸው። የኔን ኮፈን በጣት ስትነኩት ነጭ ዱቄት ይወጣ ነበር።

በደንብ አጥቤ፣ ጥላ ስር አቁሜ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እየከፈልኩ ሠራሁት። ገና ከመጀመሪያው ስፖንጁ ሰማያዊ ሆነ። አትደንግጡ፣ እንደኔዋ ያለ የድሮ ቀለም ላዩ ላይ ክሊር (ቀለሙን የሚሸፍነው ቀለም አልባ ሽፋን) ስለሌለው ራሱ ቀለሙ ነው የሚነሳው። ክሊር ያለው መኪና ላይ ስፖንጁ የመኪናውን ቀለም አይይዝም። ይዞ ካያችሁ ክሊሩ አልቋል ማለት ነውና ወዲያው አቁሙ። ክሊር እኮ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከፀጉር ይቀጥናል፤ በየወሩ የሚፋቅ ነገር አይደለም።

ኮፈኑ ግን መልክ አወጣ፣ የመብራት ምሰሶው ቁልጭ ብሎ ይታይበታል። ፓራውልቱ ላይ የተላጠው ቦታ እንደተላጠ ነው። ጥፍር የሚይዘው ጭረትም አልጠፋም፣ እሱ የቀለም ቀቢ ሥራ ነው።

ወደ ማሽኗ ልመለስ። ሞተሯ እስካሁን ምንም አላለም። ስትሠሩ ቆይታችሁ ስታጠፏት ግን እጃችሁ ይደነዝዛል። ገመዷ አጭር ስለሆነ ያለ ማራዘሚያ አትሞክሩት፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ያስመረረኝ አብረዋት የመጡት ስፖንጆች ናቸው፤ ሲሞቁ ማጣበቂያቸው እየለቀቀ ተገነጣጠሉ። ለብቻ የገዛኋቸው ወፈር ያሉት አሁንም አሉ፣ ሥራው እንዳለቀ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ስለማጥባቸው መሰለኝ። ጥቁር ጎማና ፕላስቲክ ካለ አስቀድማችሁ በፕላስተር ሸፍኑ፣ ነጩ ፖሊሽ አንዴ ከደረቀበት በቀላሉ አይለቅም።

መጨረሻ ላይ የቀባሁት ሰም ዝናብ ሲመታው ውሃውን ያንከባልላል፣ ግን በየሁለት ወሩ ገደማ መድገም አለ። ከዝናቡ የባሰው የጠዋት ደረቅ ጨርቅ ነው። የሰፈራችንን ዘበኛ «ጋሼ፣ ውሃ ሳይነካው አይጥረጉልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። «አቧራ ለብሳ ትዋል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። እስካሁን አልተስማማንም።

ለአንድ መኪና ብቻ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ ብትገዙ ይሻላል። ስፖንጁን ግን አትዋዋሱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባችበት ያጸዳችሁትን በሙሉ ትጭረዋለች።