«ውሃ ብቻ ይጨምሩ» የተባለው የኮራል አኳሪየሜ ከ11 ወር በኋላ

ካርቶኑን ከከፈትኩት ድፍን 11 ወር ሆነው። የእቃውን ስም አልጠራም፣ አንዳንዱ ችግር የሱ ይሁን የኔ ገልቱነት እስካሁን ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ ነው፣ ደግሞም ፊልተሩ ከጀርባ ተገጥሞ የሚመጣው የታንክ አይነት አሠራሩ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የኔው 100 ሊትር ይባላል። መስታወቱ፣ ከኋላ ሦስት ክፍል ያለው የፊልተር ቦታ፣ ውሃውን ወደ ፊት የሚመልስ ፓምፕ፣ ኤልኢዲ መብራት፣ ሂተር፣ ጡጫ የምታክል ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የምታወጣ) እና የጨው መለኪያ ይዞ መጣ። ካርቶኑ ላይ «ውሃ ብቻ ይጨምሩ» ይላል። ውሃ ብቻ! ይቺን የጻፈው ሰው ቤት አንድ ጨዋማ አኳሪየም ካለ ልየው።

አሁን ውስጡ ያሉት ጥንድ ክላውንፊሽ የሚባሉ አሳዎች፣ አንድ ጎቢ የሚባል አሳ ከነጓደኛው ፒስቶል ሽሪምፕ (ጥፍሩን የሚያጮኽ ትንሽ የባህር ፍጥረት)፣ አስር ምናምን ቀንድ አውጣ፣ ከኮራል (አለት ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባህር እንስሳት ናቸው) ደግሞ ዞአንቲድ፣ እንጉዳይ ኮራል፣ አንድ ሌዘር ኮራል እና ማንም እንዲነካብኝ የማልፈልገው ሀመር ኮራሌ ናቸው። የሞቱት በየቦታቸው ይመጣሉ።

መጀመሪያ ስለ 100 ሊትሩ። አለትና አሸዋ ከገባ በኋላ፣ ውሃውም እስከ አፉ ስለማይሞላ፣ በባልዲ እየለካሁ ስሞላው የያዘው 82 ሊትር ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን በሊትር እየተሰላ የሚጨመር ነገር ሁሉ በ100 ካሰላችሁት ሁሌ ከልክ በላይ ነው የምትሰጡት። ባልዲ ቁጠሩና ቁጥሩን ታንኩ ጎን ላይ በማርከር ጻፉት።

ከሁሉም በላይ የሸወደኝ ትነት ነው። በነዚህ ታንኮች ፊት ለፊት የምታዩት ውሃ ልኩ አይወርድም፣ የሚወርደው ከኋላ ፓምፑ ያለበት ክፍል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከፊት እያያችሁ ሁሉ ሰላም ነው ትላላችሁ ከኋላ ግን ፓምፑ አየር መሳብ ጀምሮ ያንኮራፋል። የኔ በቀን ወደ 1 ሊትር ተኩል ይተናል። እና እኔ ምን አደረግኩ? የጎደለውን በጨው ውሃ ሞላሁት! ጨዋማ አኳሪየም አይደል እንዴ፣ ሌላ ምን ይጨመርበታል ብዬ። የሚተነው እኮ ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው የትም አይሄድም። በየቀኑ 1 ሊትር ተኩል የጨው ውሃ ለ10 ቀን ማለት ግማሽ ኪሎ ገደማ ትርፍ ጨው ማለት ነው፣ 1.025 የነበረው የጨው ልክ (ውሃው ከንጹህ ውሃ አንጻር ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ነው) 1.030ን አለፈ። ደግነቱ ያኔ ከጥቂት ቀንድ አውጣዎች በቀር ማንም አልነበረም፣ እነሱም ከውሃው ወጥተው መስታወቱ ጫፍ ላይ ተሰቅለው ነበር፣ እኔ ደግሞ ሽርሽር የወጡ መስሎኝ ፎቶ አነሳኋቸው።

ይሄን ሳላውቅ የቆየሁት ከካርቶኑ የወጣውን ባለ መርፌ የጨው መለኪያ አምኜ ነው። መርፌዋ ላይ ጨው ሲጋገር ትከብድና ዝቅ አድርጋ ታነባለች፣ አረፋ ሲለጠፍባት ደግሞ ከፍ አድርጋ። ጣሏትና ሪፍራክቶሜትር (ጨውን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሳሪያ) ግዙ፣ እሱንም በንጹህ ውሃ ሳይሆን 35 ፒፒቲ (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው) ተብሎ በሚሸጠው የማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት፣ ዜሮ ላይ ልክ የሆነ መሳሪያ 35 ላይ ሊስት ይችላልና። ትነቱን አሁን የሚተካልኝ ሴንሰር ያለው አውቶማቲክ ጨማሪ ነው፣ ውሃው ትንሽ ሲወርድ ከባልዲ ጨው የሌለበት ንጹህ ውሃ ይጨምራል። ካርቶኑ ውስጥ ስኪመሩን አውጥተው ይሄን ቢከቱት ኖሮ እጃቸውን እስም ነበር።

ንጹህ ውሃ ስል የቧንቧ ውሃ ማለቴ አይደለም። ክሎሪኑ አለ፣ መዳብ ሊኖርበት ይችላል፣ መዳብ ደግሞ ለሽሪምፕ፣ ለቀንድ አውጣና ለኮራል መርዝ ነው፣ በላዩ ላይ ናይትሬትና ፎስፌት ካለበት አልጌን እየቀለባችሁ ነው። እኔ የአርኦ ዲአይ ፊልተር (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ ከሞላ ጎደል የሚያስቀር) አስገጥሜ የሟሟ ነገር የሚለካው የቲዲኤስ ቆጣሪ 0 ሲል ብቻ ነው የምጠቀመው። ከታንኩ ውጪ ካወጣሁት ወጪ ምንም የማይቆጨኝ እሱ ነው።

አለቱ ደረቅ ስለነበር ከአሳ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚበላው ባክቴሪያ ከዜሮ ነው የጀመረው። መመሪያው የጠርሙስ ባክቴሪያ ጨምራችሁ በማግስቱ አሳ አስገቡ ይላል፣ እሱን እንኳን አልሰማሁትም (ይቺ አንዷ ብልጠቴ ናት)። ትንሽ አሞኒያ እየጨመርኩ ጠበቅኩ፣ አሞኒያው ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱ ወደ ናይትሬት እስኪቀየር 5 ሳምንት ፈጀ። የጨመርኩት አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ 0 ሲገባ፣ ናይትራይቱም ሲጠፋ ነው ክላውኖቹ የገቡት። 5 ሳምንት ባዶ አለት ፊት ቁጭ ብሎ ማየት ግን የምር ያሰለቻል፣ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ «አሳዎቹስ?» ይላል።

ከዛ አስቀያሚው ጊዜ መጣ። በ2ኛው ወር ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር አሸዋውን ሸፈነው፣ ዳያተም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፣ ምንም አታድርጉት በራሱ ይሄዳል። ቀጥሎ አለቱ ላይ ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ አልጌ በቀለ፣ እሱ ሲመጣ ነው እኔ ያበድኩት። አሳዎቹን ምግብ ቀነስኩባቸው፣ ፎስፌት የሚመጥ ነገር ከተትኩ፣ በሳምንት ሁለቴ ውሃ ቀየርኩ፣ ናይትሬትም ፎስፌትም 0 ገቡ፣ አልጌውም ጠፋ፣ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ንፍጥ የመሰለ ውስጡ አረፋ የታሰረበት ቡናማ ነገር ሁሉም ቦታ ተዘረጋ፣ ማታ ይቀንሳል ጠዋት መብራት ሲበራ ተመልሶ ይመጣል። ዳይኖፍላጀሌት ይባላል፣ ሌላው ሁሉ ተርቦ ሲሞት ሜዳው ባዶ የሚቀርለት እሱ ነው፣ አንዳንዱ አይነት ቀንድ አውጣ ይመርዛል፣ የኔዎቹ 4ቱ አልቀዋል። መፍትሄው ካሰብኩት ተቃራኒ ነበር፣ ፎስፌት መምጠጫውን አወጣሁ፣ አሳዎቹን በደንብ አበላሁ፣ ናይትሬቱን በሊትር ወደ 10 ሚሊግራም ፎስፌቱን ወደ 0.1 አወጣሁና 3 ቀን መብራት አጠፋሁ። አንዴ ተመለሰብኝ፣ ደገምኩት፣ በጠቅላላው ሁለት ወር ወሰደ። አሁን ቴስቱ 0 ሲለኝ ነው የምደነግጠው።

ሂተሩ። ይሄን የእቃው ጥፋት ነው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። በ4ኛው ወር አንድ ጠዋት ስነሳ ቴርሞሜትሩ 31 ዲግሪ ይላል፣ ሂተሩ በርቶ አልጠፋም ብሏል። ከውስጥ ያለችው ማብሪያ ማጥፊያ ዘንግ እየበራች እየጠፋች ስትቆይ በርታ እንዳለች ተጣብቃ ልትቀር ትችላለች፣ ሂተር ሲበላሽ መሞቅ ከማቆሙ በላይ ይሄ ነው የሚፈራው። ያኔ የነበረችኝ ክሊነር ሽሪምፕ ሞተች፣ ዜኒያ የምትባለዋ እያጨበጨበች የምትውል ኮራል ሟሟች፣ ክላውኖቹ ውሃው ጫፍ ላይ ወጥተው ያለከልካሉ። ሻጩ ሂተሩን ቀይሮልኛል፣ ሽሪምፗን ግን ማን ይቀይራታል። አሁን ያለኝ ባለ 50 ዋት ሂተር ከውጪ መቆጣጠሪያ ጋር ነው፣ 25.5 ላይ ተሞልቶ፣ መቆጣጠሪያው ራሱ ቢከዳኝ እንኳ 50 ዋት ብቻውን ቶሎ አይቀቅላቸውም። ክፍላችሁ በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ሁለት ትንንሽ ሂተር ከአንድ ትልቅ ይሻላል።

መብራቱ ከጠበቅኩት በላይ ነው፣ ለለስላሳ ኮራል ይበቃል ብቻ ሳይሆን ይበዛል። መጀመሪያ 100 ፐርሰንት አድርጌው እንጉዳዮቹ ተሸብሽበው ነጡ፣ ኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖረውና ከብርሃን ምግብ የሚሠራለት ጥቃቅን አልጌ ሲባረር ነው የሚነጣው። ወደ 30 አውርጄ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ጨመርኩ፣ አሁን 60 ላይ ነው፣ ከዛም አላልፍም። ስኪመሩ ደግሞ ጩኸት ብቻ ነው፣ በ5ኛው ወር አውጥቼው በየሳምንቱ 8 ሊትር ውሃ እቀይራለሁ፣ ልዩነቱን አሳዎቹም እኔም አላየነውም። ፓምፑ ደህና ነው፣ በየ3 ወሩ ፈታችሁ በኮምጣጤ ካጠባችሁት ድምፁ ይጠፋል።

አለት ስትደረድሩ መስታወቱ ላይ አስቀምጡ፣ አሸዋው ከዛ ይምጣ። እኔ አሸዋው ላይ ደረደርኩት፣ ፒስቶል ሽሪምፑ ደግሞ ሥራው መቆፈር ነው፣ ጎቢው በር ላይ ዘብ ይቆማል እሱ አሸዋ እያወጣ ይጥላል፣ አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ድው ብሎ የላይኛው አለት ወረደ። መስታወቱን አልነካውም። ከዛ በኋላ ደግሞ ሽሪምፑ ጥፍሩን ጧ ባደረገ ቁጥር ታንኩ ተሰነጠቀ እያልኩ ከአልጋ የምነሳው እኔ ነኝ።

ዞአንቲድ ቆንጆ ነው፣ ርካሽ ይመስላል፣ ቶሎ ይባዛል፣ ግን አንዳንዱ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ይይዛል። ስትቆርጡ ጓንትና መነጽር፣ እሱ ያለበትን አለት ደግሞ በምንም አይነት እንዳትቀቅሉ፣ እንፋሎቱ ሆስፒታል ያስገባል። የገዛሁት ኮራል ላይ አይፕቴዢያ የምትባል ትንሽ አኔሞኒ (አበባ የምትመስል የምትናደፍ እንስሳ) ተደብቃ መጥታ በአንድ ወር 9 ሆነች፣ ብትቆርጧት ከቁራጯ ትበዛለች፣ ማጥፊያ መድኃኒት በመርፌ እየወጋሁ ጨረስኳት (ጨረስኳት ብዬ ላስብ)። አሳ ደግሞ ሳታስገቡ ለብቻው አቆዩት፣ ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ ከገባ መድኃኒቱ መዳብ ነው፣ መዳብ ደግሞ ኮራል ያለበት ታንክ ውስጥ አይገባም አልኩ አይደል።

ሀመሩ በ8ኛው ወር ነው የገባው፣ ከዛ ወዲህ አዲስ ሥራ መጣ፣ አጥንቱን ለመሥራት ካልሲየምና አልካሊኒቲ (ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔት፣ ዲኬኤች በሚባል መለኪያ የሚለካ) ይበላል። 8.4 ዲኬኤች የነበረው አልካሊኒቲ ሦስት ሳምንት ሳልለካ 6.8 አገኘሁት። በአንድ ቀን ልመልሰው አልኩና ተውኩት፣ ድንገት መውጣቱ ከመውረዱ የባሰ ይጎዳዋል፣ በቀን ከ0.5 ሳላሳልፍ መለስኩት። ካልሲየሙ በሊትር 420 ሚሊግራም ማግኒዚየሙ 1300 አካባቢ ነው፣ እነሱን አልነካቸውም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ መስታወቱ ከ10 9፣ ፓምፑ 7፣ መብራቱ 8፣ ስኪመሩ 2፣ ሂተሩ 0። ይሄንኑ ታንክ ደግሜ እገዛዋለሁ ወይ? እገዛዋለሁ፣ ግን ሂተሩን ከካርቶኑ ሳላወጣ። በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፣ በየቀኑ ደግሞ አስር ደቂቃ፣ አስሩ ደቂቃ ሁሌ አርባ ይሆናል ምክንያቱም ትልቋ ክላውን ትንሹን ስታሯሩጠው ማየት ያስቀምጣል። ክላውን ሁሉም ወንድ ሆኖ ነው የሚጀምረው፣ የበላይ የሆነችው ወደ ሴት ትቀየራለች፣ እና ይሄ ትንሹ ቀኑን ሙሉ እየተንቀጠቀጠ እሺ እሺ ሲላት ይውላል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከሀመሩ አጠገብ አንድ ድንጋይ በአፋቸው እያጸዱ ነው። እንቁላል ከጣሉ ፎቶ እለጥፋለሁ።