ቱሉ ዲምቱ ያለኸው ስልክ ሠሪ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ሰላም ጎረቤቶች። ይሄንን የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮየ ፈጬና ገላን አካባቢ ለምትኖሩ ነው። ስልካችሁ ከተበላሸ መሀል ከተማ ድረስ አትንከራተቱ። ከታክሲ መጨረሻው ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገቡ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን አንድ ጠባብ የኮንቴነር ሱቅ አለች። በሯ ላይ በእጅ «ሞባይል ጥገና» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቱ ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። «ሥራዬን ብቻ ተናገሪ» አለኝ። እሺ ብያለሁ። ሥራውን ግን እስኪበቃኝ ነው የምናገረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የያዝኳት አንዲት ስልክ ነበረችኝ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ የሞላ ባልዲ አይጠፋም። ስልኳም አንድ ቀን እዚያ ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለችም። አሁን ብትሸጥ ዋጋ አታወጣም። ውስጧ ያለው ግን አራት ዓመቴ ነው። ደብተር ላይ ብጽፍ ወንድሞቼ እያነበቡ ያሾፉብኛል፤ ስለዚህ የሆዴን ሁሉ የምጽፈው እሷ ላይ ነበር። ባክአፕ የሚባል ነገር ያኔ ማን ነግሮኝ? ዳታውስ ከየት መጥቶ!

የሌሎቹን ቤቶች ነገር ልናገር፣ ስማቸው ይቅር። አንዱ ገና ስልኳን ሳይከፍታት «ፍላሽ ትደረግ» አለ። ውስጧ ያለው አይጠፋም ወይ ስለው «አዲስ ትሆንልሻለች እኮ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሌላው «ነገ ነይ፣ ነገ ነይ» እያለ ሲያመላልሰኝ ከርሞ በመጨረሻ ብሎኗ ጎድሎ፣ ክዳኗ ላልቶ መለሰልኝ። ለማየት ብቻ ተብሎ ያስከፈለኝም አለ። አየና «ሞታለች» አለኝ። አመሰግናለሁ፣ መሞቷንማ እኔም አውቅ ነበር።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነ ነው። ደህነኛዋን ስልኬን ስክሪን ላስቀይር ሰጥቼ ሻይ ልጠጣ ወጣ አልኩ። ስመለስ ልጁ ከጓደኛው ጋር ጋለሪዬን እያገላበጠ ይሳሳቃል። «ስክሪኑ መሥራቱን እያየን ነው» ይላል ደግሞ! ሴቶች ይሄንን ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ለማንም መስጠት ሲያስፈራኝ ነው የኖርኩት።

የኛው ሰፈር ልጅ ጋ የሄድኩትም ተስፋ አድርጌ አይደለም፣ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነው። ስልኳን ተቀብሎ አገላበጣትና «እህቴ፣ የምትፈልጊው ስልኳን ነው ወይስ ውስጧ ያለውን?» አለኝ። ይሄንን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው የለም። ውስጧ ያለውን አልኩት። «ስልኳን ቃል አልገባልሽም፣ ሌላውን ግን እሞክራለሁ» አለ። ምን እንዳደረገ አትጠይቁኝ። የጤፍ ፍሬ የምታክል ነገር በወረንጦ ሲያነሳ አይቻለሁ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ጨሰ፣ ሌላው አልገባኝም።

አንድ ቀን ደውሎ ነይ አለኝ። ከፊቴ አበራት። ብርሃኗ ብልጭ ሲል ወዲያው በስክሪኗ ደፋትና ወደ እኔ ገፋት። «በርታለች። ኮዱን አንቺው አስገቢ፤ ከዚህ በኋላ እኔን አይመለከተኝም» አለ። ወንበሩንም አዙሮ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሌላ ሥራ ጀመረ። ጽሑፎቼን ወደ ሚሞሪ የገለበጥኩት ራሴ ነኝ። ግራ ሲገባኝ እጁን ስልኳ ላይ ሳያደርግ፣ ዞር ሳይል፣ «ከላይ ያለችውን ሦስት ነጥብ ተጫኛት» እያለ በቃል መራኝ። አልቅሼ ነበር፣ ያንንም እንዳላየ ሆነ። ያስከፈለኝ ሂሳብ ሌላው ለማየት ብቻ ከወሰደብኝ ያነሰ ነው። ጨምሬ ስሰጠው መለሰልኝ። እንዲህ ያለ ሰው አለ እንዴ? አለ፣ እዚሁ ዳቦ ቤቱ ጎን።

ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ ያለችው ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ሰው ሁሉ ጠላቷ ነው። ከአራት ኪሎ ወደዚህ ስላመጣችኝ እናቴን «ሕይወቴን ያበላሸችው ሴትዮ» ብያታለሁ። ጓደኛዬ ታክሲ ላይ ሳትጠብቀኝ ስለሄደች ብቻ ገጽ ሙሉ እርግማን አለ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ለ15 ቀን ነው ሲባል በደስታ ጨፍሬያለሁ።

ግንቦት ላይ ጽሑፉ ሌላ ሆነ። «ዛሬ እማዬ ጀሪካን ይዛ አራተኛ ፎቅ ወጣች። ሦስተኛው ላይ አረፈች። ትንፋሿ እስከ ቤት ይሰማል» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ስለ ራሴ አንድም ቃል ያልጻፍኩበት የመጀመሪያው ቀን እሱ ነው። በማግስቱ «ጀሪካኑን እኔ አወጣሁት» ይላል። ሰዎች «መቼ ነው እንዲህ የበሰልሽው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። አሁን ቀኑ ሳይቀር አለኝ።

ጥቅምት 2015 ባዶ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የተፈተንነው እኛ ነን፣ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። ጥር ላይ ውጤቱ መጣ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ እኔ አልነበርኩበትም። የዚያን ቀን የጻፍኩት «አለቀስኩ። እንቅልፌ መጣ። ነገ የውሃ ቀን ነው» ይላል። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ብትሆን ሌሊቱን ሙሉ ትጽፍ ነበር። እኔ ጠዋት ተነስቼ ውሃ ቀድቻለሁ፣ በኋላም ሪሚዲያል ገብቼ ተምሬ አለፍኩ።

ያቺን የመጀመሪያዋን ልጅ ግን ወደድኳት። ታስቃለች። ደግሞ ሁሉንም አልተሳሳተችም፤ ያኔ መንገዱ እውነትም ጭቃ ነበር፣ ማታ ማታም ታክሲ አልነበረም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ወገኖቼ፣ እዚሁ ሂዱ። በተለይ ሴቶች ሂዱ፣ ልጆቻችሁንም ላኩ፣ ሳትሳቀቁ ስጡት። የማይሠራ ከሆነ አይሠራም ይላችኋል፣ ገንዘብም አይቀበልም። ቅዳሜ ወረፋ ስላለ በሥራ ቀን ብትሄዱ ይሻላል። እናቴ ይሄንን ሰምታ የድሮ ሬዲዮኗን ይዛ ሄደች። «እማማ፣ ሬዲዮ አልሠራም እኮ» አላት። ሠራላት።