ከኒው ጋርደን እስከ ኢንዲያና፦ የክዌከር ገበሬዎችን የዘር ሐረግ ለቆጠሩልን ባለሙያ ምስጋና

ከሰሜን ካሮላይና ተነስተው ኢንዲያና ላይ ጫካ መንጥረው ያረሱ የክዌከር ገበሬዎችን ዘር፣ ከሰነድ ወደ ሰነድ እየተከተሉ ሰባት ቤት ቆጥረው ላስረከቡን ባለሙያ ከልብ እናመሰግናለን። እግዜር ይስጥልን፣ ዓይናቸውን ያብራላቸው። ልጆቻችን በአንድ ወገን ከነዚህ ገበሬዎች ይወለዳሉ። የሐበሻውን ወገን አያቶቻቸው በቃል ይቆጥሩላቸዋል፤ የዚያኛው ግን ያለው ወረቀት ላይ ነው። ባለሙያዋ ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልወደዱ አንጠራቸውም፤ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጠይቁን። እዚህ የምንጽፈው ለምን እንደምንጠቁማቸው፣ ሥራው እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚበላሽ ነው። ከአሜሪካዊ ቤተሰብ ጋር የተጋባ ሐበሻ ብዙ ነውና ይጠቅማል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ክዌከሮች ራሳቸውን «የወዳጆች ማኅበር» ይላሉ። ማኅበሩ በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ የተነሳ ነው። በውኃ አያጠምቁም፤ ስለዚህ የክርስትና መዝገብ ብሎ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ጦር ስለማያነሱ ለሌላው አሜሪካዊ ቤተሰብ ዋና ምንጭ የሆነው የወታደር ጡረታ ፋይልም ለነሱ ብዙውን ጊዜ የለም። መሐላ ስለማይምሉ ፍርድ ቤት ቀርበው «አረጋግጣለሁ» ብቻ ይላሉ፤ በአንድ ኑዛዜ ላይ ምስክሩ «ማለ» በሚለው ፈንታ «አረጋገጠ» ተብሎ ከተጻፈ ሰውየው ክዌከር ሊሆን እንደሚችል ፍንጭ ነው። በነዚህ ምትክ ያላቸው የወርሃዊ ጉባኤ መዝገብ ነው፤ ወርሃዊ ጉባኤ በየወሩ የሚሰበሰብ የአካባቢው አባላት ሸንጎ ነው። ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ እየተቀመጡ ቃለ ጉባኤ ይይዙ ነበር። ማን ሊያገባ እንደጠየቀ፣ ማን ሰክሮ እንደተገሠጸ፣ ማን ወደ ሌላ አገር እንደሄደ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ልደትና ሞትም በተለየ መዝገብ ይሰፍራል።

የሥራው ሁሉ አከርካሪ መሸኛው ነው። ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ሲዛወሩ መልቀቂያ እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ አንድ የክዌከር ቤተሰብ ሲሄድ ከነበረበት ጉባኤ መሸኛ ይጠይቃል። ጉባኤው ሰዎች መርጦ ዕዳ እንዳለበትና እንደሌለበት፣ ላጤ ከሆነ ደግሞ ከጋብቻ ቃል ነጻ መሆኑን ያስጣራል። መሸኛው ከተጻፈ በኋላ የተቀባዩ ጉባኤ ጸሐፊ ከየት እንደመጣ ጠቅሶ ይመዘግበዋል። ስለዚህ አንድ ጉዞ ሁለት ቦታ ላይ ይጻፋል፦ በሰጪውም በተቀባዩም። ሁለቱን ጫፍ ካገኛችሁ ሐረጉ ተያያዘ ማለት ነው። አንዱ ብቻ ከተገኘ ገና ነው፤ እኚህ ባለሙያ በአንድ ጫፍ ብቻ «ተረጋገጠ» ብለው የጻፉበት ቦታ የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን የመሸኛውን ቀን የጉዞ ቀን አድርጎ ሲወስድ ነው። ሰዎቹ በጋሪ ሄደው ጎጆ ከቀለሱ በኋላ መሸኛ የሚልኩበት ጊዜ ነበር፤ ልዩነቱ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይሆናል። ሌላው ወጥመድ የጉባኤው አድራሻ ነው። የዛሬዋ ሪችመንድ ባለችበት በኢንዲያና የሰፈሩት ክዌከሮች የራሳቸውን ወርሃዊ ጉባኤ፣ ኋይትዋተርን፣ ያገኙት በ1809 ነው። ከዚያ በፊት የመጣ ቤተሰብ መሸኛው የተጻፈው በኦሃዮ ለሚገኙት ጉባኤዎች ነው፤ መጀመሪያ በ1803 ለተቋቋመው ለማያሚ፣ ከ1807 ወዲህ ደግሞ ለዌስት ብራንች። ስለዚህ ቤቱ ኢንዲያና፣ ወረቀቱ ኦሃዮ ይሆናል። «መሸኛው ላይ ኦሃዮ ይላል፤ የኛ ሰዎች አይደሉም» ተብሎ የተጣለ ትክክለኛ ሰነድ ብዙ ነው።

የቦታ ስምም ያምታታል። ሰዎቹ ሲሰደዱ የጉባኤያቸውን ስም ይዘው ይሄዱ ነበር። ኒው ጋርደን የሚባል ጉባኤ በፔንሲልቬንያ ቼስተር ካውንቲ (ካውንቲ ማለት እንደ ወረዳ ያለ የግዛቱ ክፍል ነው) አለ፣ በሰሜን ካሮላይና ጊልፎርድ ካውንቲ አለ፣ በኢንዲያና ዌይን ካውንቲም አለ። ባሪያዎችን በማሸሽ የታወቀው ሊቫይ ኮፊን በ1798 የተወለደው በካሮላይናው ኒው ጋርደን አካባቢ ነው፤ በ1826 ተሰድዶ የገባባት የኢንዲያናዋ ኒውፖርት ደግሞ፣ የዛሬዋ ፋውንቴን ሲቲ፣ ጉባኤዋ እንደገና ኒው ጋርደን ነው! ዌስት ብራንችም እንዲሁ ነው፤ የኦሃዮው አንድ ነገር፣ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር በ1874 የተወለደበት የአዮዋው ሌላ ነገር። ባለሙያዋ የጉባኤ ስም ብቻውን አይጽፉም፤ ሁልጊዜ ካውንቲውና ግዛቱ አብሮ አለ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን በኢንተርኔት የዘር ዛፎች ላይ ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ካውንቲዎቹ ራሳቸው ይለዋወጣሉ። ጊልፎርድ የተቆረሰው በ1771 ከሮዋንና ከኦሬንጅ ነው። የ1760ዎቹን የመሬት ሽያጭ በጊልፎርድ መዝገብ ቤት የሚፈልግ አያገኝም፤ ሰውየው ከእርሻው ሳይነቃነቅ ካውንቲው ነው የተቀየረው።

አሁን ወደ ቀን አቆጣጠር እንምጣ፤ መስከረምን አንድ ብለን የምንጀምር ሰዎች ይህን ለመረዳት አይከብደንም። ክዌከሮች የወራትና የዕለታት ስም የጣዖት ስም ነው ብለው በቁጥር ብቻ ይጽፉ ነበር። እሑድ «አንደኛ ቀን» ነው። ችግሩ እስከ 1751 መጨረሻ ድረስ በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ አንደኛው ወር መጋቢት (ማርች) ነበር፤ ከ1752 ጀምሮ ጥር (ጃንዋሪ) ሆነ። ስለዚህ የልደት መዝገቡ «12ኛው ወር፣ 4ኛ ቀን፣ 1748» ካለ ዲሴምበር አይደለም፤ ፌብሩዋሪ ነው፤ ዓመቱም በዛሬው አቆጠራ 1749 ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ዲሴምበር 1748 ብሎ ያስገባ ሰው በሕጉ በዘጠኝ ወሩ የተወለደውን ልጅ በሰባት ወሩ የተወለደ ያስመስለዋል። ባለሙያዋ መጀመሪያ መዝገቡ ላይ እንዳለ ይገለብጡታል፣ ከጎኑ የተመለሰውን ቀን ይጽፋሉ። ሁለቱም ስላሉ ማንም ሰው መልሶ ማጣራት ይችላል።

ከላኩልን ነገር ሁሉ ዓይናችንን የያዘው የጋብቻ መዝገቡ ገጽ ነው። ጥንዶቹ በሁለት ተከታታይ ወርሃዊ ጉባኤዎች ቀርበው ሐሳባቸውን ይናገራሉ፤ ተጣርቶ ከተፈቀደ በኋላ ያለ ቄስ፣ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት እርስ በርስ ቃል ይገባባሉ። ከዚያ የተገኘው ሰው ሁሉ ይፈርማል። ሙሽራዋ በዚያች ሰዓት የምትፈርመው በባሏ ስም ነው። ከሙሽሮቹ ስም ሥር፣ ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል ባለው ዓምድ፣ የቅርብ ዘመዶች ይደረደራሉ። እናቷ በሕይወት እንዳለች፣ የትኛዋ እህት እንዳገባችና ስሟ እንደተቀየረ ከዚያ ዓምድ ይነበባል። ግን ጥንቃቄ፦ በጉባኤው መዝገብ ላይ ያለው ግልባጭ ነው። ሁሉም ስም በአንድ ሰው እጅ፣ በጸሐፊው፣ የተጻፈ ነው። «የቅድመ አያታችን ፊርማ» ብላችሁ በፍሬም አትስቀሉት። ዋናው ለባልና ሚስቱ ይሰጥ ስለነበር ካለ የሚገኘው በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ነው። ክዌከሮቹ በራሳቸው ሥርዓት ስለሚጋቡ ጋብቻው በካውንቲው መዝገብ ባይገኝ አያስደንግጥ።

ከማኅበሩ ውጭ ያገባ ደግሞ ከአባልነት ይሰረዝ ነበር። ይህ ለቤተሰቡ ሐዘን፣ ለዘር ቆጣሪ ግን ትልቅ በር ነው። የሴቶቹ ቃለ ጉባኤ «የቀድሞዋ እገሊት፣ የአሁኗ እገሊት» ብሎ የአባቷንም የባሏንም ስም ይይዛል። ከልደት መዝገብ በኋላ ድምፅዋ የጠፋ ልጅ የምትገኘው እዚያ ነው። ብዙ ፈላጊ የወንዶቹን ብቻ አንብቦ ይተዋል፤ እኚህ ባለሙያ ሁለቱንም ገጽ በገጽ ያነባሉ። ያላገባች አክስት ተብላ የተጻፈችን አንዲት ሴት ከነባሏ ያገኙልን በዚህ ነው።

በዊሊያም ዌድ ሂንሾ የተጠናቀረው የክዌከር መዝገቦች ማውጫ ለመነሻ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የሰሜን ካሮላይናው የመጀመሪያ ቅጽ በ1936 ወጥቷል። ግን ማውጫ ነው። «መሸኛ ተሰጠው» የሚለውን በሦስት ፊደል አሳጥሮ ያልፋል፤ ዋናው ገጽ ላይ የሚስትየውና የልጆቹ ስም፣ ያለፈ ዕዳ፣ የይቅርታ ደብዳቤ ሊኖር ይችላል። በኢንተርኔት ያለው የስም ፍለጋም ያው ነው፤ በድሮው የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ረጅሙ «ኤስ» «ኤፍ» ስለሚመስል ስሙ ተበላሽቶ ይገባል። ከዘር ፍለጋ ድረ ገጾች ፋሚሊሰርች በነጻ፣ አንሴስትሪ በክፍያ የመዝገቦቹን ምስሎች ያሳያሉ፤ አንሴስትሪን ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነጻ መክፈት ይቻላል። ስሙ ሲፈለግ ካልወጣ የጉባኤውን ቅጽ ከፍቶ ገጽ በገጽ መሄድ ነው። መዝገቦቹ ራሳቸው የሰሜን ካሮላይናዎቹ በግሪንስቦሮ በጊልፎርድ ኮሌጅ፣ የኢንዲያናዎቹ በሪችመንድ በኧርልሃም ኮሌጅ፣ የፊላደልፊያ አካባቢዎቹ በስዋርትሞርና በሃቨርፎርድ ተቀምጠዋል። እነዚህን አቧራና እሳት ሳያገኛቸው ያቆዩ የቤተ መዛግብት ሠራተኞችም ምስጋናችን ይድረሳቸው።

በ1827 እና 1828 ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ሂክሳይትና ኦርቶዶክስ ተባሉ (ከኛ ኦርቶዶክስ ጋር አይገናኝም)። ክፍፍሉ በደረሰበት ቦታ ከዚያ ወዲህ አንድ ስም ያለው ጉባኤ ሁለት መዝገብ ሊኖረው ይችላል። አንዱ ላይ «ተሰረዘ» የተባለ ሰው ሌላው ላይ በክብር ተቀምጦ ይገኛል።

መሬቱን በተመለከተ ሪችመንድ ባለችበት በዌይን ካውንቲ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች የፌዴራል መሬት የገዙት ከሲንሲናቲ መሬት ቢሮ ነው። በ1800 በወጣው ሕግ ትንሹ ቁራሽ 320 ኤከር፣ ዋጋው በኤከር 2 ዶላር፣ ክፍያው በአራት ዓመት ነበር፤ በ1804 ወደ 160 ኤከር ወረደ፣ ይህም 65 ሄክታር ገደማ፣ በኛ አንድ ጋሻ ተኩል ያህል ነው። በ1820 ዱቤው ቀርቶ 80 ኤከር በ1.25 ዶላር በጥሬ ገንዘብ ሆነ። እዚህ ላይ ያለው ስህተት ግልጽ ነው፦ ፓተንት የሚባለው የባለቤትነት ሰነድ የሚሰጠው ዕዳው ሲያልቅ ስለሆነ፣ በዱቤው ዘመን የሰነዱ ቀን ሰውየው ከሰፈረ ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የካውንቲው ምሥራቃዊ ክፍል በ1795ቱ የግሪንቪል ውል፣ ምዕራባዊው በ1809ኙ የፎርት ዌይን ውል ከነባር ሕዝቦቹ ተወስዶ ነው ለሽያጭ የቀረበው። ስለዚህ በምዕራቡ ክፍል በ1807 መሬት ገዙ የሚል የቤተሰብ ወግ እውነት ሊሆን አይችልም። ባለሙያዋ ይህንን በሪፖርታቸው ሳይሸፋፍኑ መጻፋቸውን አክብረንላቸዋል፤ ልጆቻችን የማን መሬት እንደነበረም ማወቅ አለባቸው።

ገበሬውን በእርሻው ለማየት ደግሞ የ1850፣ የ1860፣ የ1870 እና የ1880 የግብርና ቆጠራ አለ። የታረሰና ያልታረሰ መሬት፣ ፈረስ፣ የሚታለብ ላም፣ የእርሻ በሬ፣ አሳማ፣ ስንዴና በቆሎ በቡሼል (የእህል መስፈሪያ ነው)፣ ቅቤ በፓውንድ፣ ሰምና ማር ሳይቀር በየዓምዱ ተጽፏል። የ1850ው ቆጠራ እስከ ጁን 1 ያለውን አንድ ዓመት ስለሚይዝ እዚያ ያለው በቆሎ የ1849 ምርት ነው። ዓመታዊ ምርቱ ከ100 ዶላር በታች የሆነ እርሻ በ1850ው ላይ አልተቆጠረም፤ ስለዚህ ስም መጥፋቱ መሬት የለውም ማለት አይደለም።

ከሁሉ የከበደው ተመሳሳይ ስም ነበር። በአንድ ጉባኤ ውስጥ ሁለት የአጎት ልጆች አንድ ስም፣ ተቀራራቢ ዕድሜ። ባለሙያዋ ለየአንዳንዳቸው ለብቻ ገጽ ከፍተው የሚስት ስም፣ የመሬት ቁጥር፣ ጉባኤ፣ የልጆች ልደት እያሉ ደረደሩ፤ የመሬት ሴክሽኑ (መሬቱ ሲለካ የተከፈለበት ቁራሽ) ቁጥር ነው በመጨረሻ የለያቸው። አንድ ልጅ ግን ለየትኛው አባት እንደሆነ ሰነድ አልተገኘም፤ «አልተረጋገጠም» ብለው የተመለከቷቸውን መዝገቦች ከነገጻቸው ዘርዝረው አስቀመጡት። ገንዘብ ከፋይን ለማስደሰት ሐረጉን በግምት ባለመቀጠላቸው ነው እምነታችን የጨመረው።

ሥራ ስትሰጧቸው በሰዓት ያስከፍላሉ፤ ጣሪያውን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ እሳቸውም ሳያስፈቅዱ አያልፉም። «ሁሉንም አግኙልኝ» ከማለት «የእገሌ ወላጆች እነማን ናቸው?» የሚል አንድ ጥያቄ ስጧቸው። እስካሁን የፈለጋችሁበትን ሁሉ ጻፉላቸው፣ ያለዚያ ለተሠራ ሥራ ድጋሚ ትከፍላላችሁ። ቤት ውስጥ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ካለ ልደት የተጻፈባቸውን ገጾች ብቻ ሳይሆን የታተመበት ዓመት ያለበትንም ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ መጽሐፉ የታተመው ከልደቶቹ በኋላ ከሆነ ቀኖቹ በጊዜው ሳይሆን ቆይተው፣ ከትውስታ ወይም ከሌላ ወረቀት፣ የተጻፉ ናቸውና ከጉባኤው መዝገብ ጋር ማስተያየት የሚጀምሩት ከዚያ ነው።