የላንድ ክሩዘር የኋላ አክስል በሃይሉክስ ላይ፦ ክረምትና በጋ ከሠራሁበት በኋላ

ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ወፍራም ነው ብላችሁ የላንድ ክሩዘር የኋላ አክስል ልትገዙ ካሰባችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። የድሮው ሃይሉክስ ዘንግም የላንድ ክሩዘሩም ባለ 30 ጥርስ ናቸው፤ የውፍረታቸው ልዩነትም ከቁብ የሚቆጠር አይደለም። እኔ ክረምቱንም በጋውንም ሠርቼበታለሁ፤ ዛሬ ብጠየቅም ደግሜ አስገጥመዋለሁ። ምክንያቴ ግን ሌላ ነው።

መኪናዬ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ የሆነ፣ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ነው። ሥራው ከረቡዕ ገበያና ከጮቄ ተራራ ሥር ካሉ ቀበሌዎች ድንችና ገብስ ጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ መውረድ ነው። ክረምት ሲገባ ዋልካው ላይ አይሱዙዎች የሚቆፍሩት የጎማ ቦይ ስለሚጠልቅ፣ በ205 በ16 ጎማ ስሄድ ዲፈረንሻሉ መሬት እያረሰ ያስቸግረኝ ነበር። ስለዚህ 7.50 በ16 አስገባሁ። የጎማው ቁመት ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ጨመረ፤ ቦዩን ማለፍ ቀለለ፤ የኋላ አክስሉ ችግር ግን የጀመረው ያኔ ነው።

ከፋብሪካ የመጣው የሃይሉክሱ አክስል ሰሚ ፍሎቲንግ የሚባለው ዓይነት ነው። ጎማው በዘንጉ ጫፍ ላይ ስለሚታሰር ዘንጉ ጎማውን ከማዞሩ በላይ የመኪናውንና የጭነቱን ክብደት ይሸከማል፤ የሚደግፈው ጫፉ ላይ ያለው አንድ ኩሽኔታ ብቻ ነው። ጎማው ባደገ ቁጥር ድንጋይና ቦይ ዘንጉን ለማጉበጥ የሚያገኙት ጉልበት አብሮ ያድጋል። የእኔ አክስል ሲታመም ዘንጉ አልተሰበረም። ኩሽኔታው ላላ፣ የዘይት መከላከያው ማፍሰስ ጀመረ፣ የዲፈረንሻሉ ዘይትም የፍሬን ሸራውን አራሰው። ጭነት ይዞ ከጮቄ ቁልቁል ሲወረድ አንዱ የኋላ ፍሬን እንደማይዝ መረዳት ለማንም የምመኘው ነገር አይደለም።

የላንድ ክሩዘር 75 አክስል ፉል ፍሎቲንግ ነው። ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ሆኖ በአክስሉ ቱቦ ጫፍ ይቀመጣል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ቱቦው ሲሆን ለዘንጉ የሚቀርለት ማዞር ብቻ ነው። ዘንጉ ቢሰበር እንኳ ጎማው ቦታውን አይለቅም። ስድስቱን ዳዶዎች ፈትቶ ስብርባሪውን ማውጣት፣ ክፍቱን በቆርቆሮና በጓርኒሲዮን መድፈን፣ ፎር ዊሉን አስገብቶ በፊት ጎማዎቹ ብቻ እየተጎተቱ ቤት መግባት ይቻላል። ለዚህ ሁሉ ክሪክ እንኳ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ከዳዶዎቹ ሥር የተሰነጠቁ ሾጣጣ ቀለበቶች አሉ፤ እነርሱም ነክሰው ይይዛሉ። መካኒኬ የብረት መዶሻ ሳነሳ አይቶ «ተው ልጄ፣ ናስ ፈልግ፤ የብሎኑን ጥርስ ትጨፈልቀዋለህ» ብሎ እጄን ያዘ። የዘንጉን ጆሮ ዙሪያውን በናስ ሲቀጠቅጠው ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ዘለው ወጡ።

ኮሮናውም፣ ማለትም ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ጥርስ፣ ትልቅ ነው፤ የሃይሉክሱ 8 ኢንች ሲሆን ይህኛው 9.5 ኢንች ነው። ለእኔ ግን ሁለተኛ ጥቅም ነው።

ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት የጎማ ብሎን ነው። እስከ 1999 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ የወጡት ባለ ስድስት ብሎን ስለሆኑ የሃይሉክሱን ቸርኬ ይቀበላሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ባለ አምስት ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው የዲፈረንሻሉ የጥርስ ቁጥር ነው። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው ጋሼ» ቢለኝም ዲፈረንሻሉን አስወርጄ ቆጠርኩ፦ ኮሮናው 37፣ እሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ፣ ፒኞኑ፣ 9፤ 37 ለ9 ሲካፈል 4.11። የእኔ የፊት ዲፈረንሻል 41 በ10፣ ማለትም 4.10 ነው። ይህን የምታህል ልዩነት አንዱ ጎማ ከሌላው ትንሽ በልጦ ሲያልቅም ይፈጠራል። ከዚህ የሰፋ ልዩነት ካገኛችሁ ግን አትግዙ፤ ፊትና ኋላ እየተጓተቱ ካምቢዮውን ይጨርሱታል።

ገጠማው ከግዢው ይበልጥ አድካሚ ነው። የባሌስትራው መቀመጫ ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል፤ ከካምቢዮው ወደ አክስሉ የሚመጣው የካርዳን መያዣ ስለማይገጥም ቶርኖ ቤት መሸጋገሪያ ያስቀርጻል፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድም ይቀየራል። መቀመጫውን በነጥብ ብቻ አስይዛችሁ፣ መኪናውን በጎማው አቁማችሁ፣ የፒኞኑን አንግል ከለካችሁ በኋላ ሙሉ ብየዳው ይቀጥል። ብየዳው እያረፈ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተሻገረ ይሁን፤ ሙቀት ቱቦውን ያጎብጠዋል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ትልቁ ጎማ አክስሉን ያነሳው 3.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ትልቁ ዲፈረንሻል ደግሞ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። ከጎማው ያተረፍኩትን ከፍታ ከግማሽ በላይ በላብኝ። በቦዩ ውስጥ ከበፊቱ የተሻልኩ ብሆንም የጠበቅሁትን ያህል አይደለም። ክብደቱም ይታወቃል። ባዶውን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በአስፋልቱ ስሄድ ኋላው ይዘላል፤ ድንች ሲጫንበት ግን አደብ ይገዛል። ባዶ መኪና ለሚነዳ የከተማ ሰው ይህ አክስል ትርፉ ድካም ነው።

ጉልበትን በተመለከተ አክስሉ አይረዳም፤ ጎማው ግን ይጎዳል። የፍጥነት መለኪያው 60 ሲል መኪናው ወደ 65 ይሮጣል፤ ማርሹ ሁሉ በዚያው ልክ ከብዷል ማለት ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ያቃስታል። ዳገቱን ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብቼ እወጣለሁ። የዲፈረንሻሉን ጥርስ መቀየር መድኃኒት ነው፤ ግን ፊቱንም ኋላውንም አንድ ላይ መቀየር ስለሚጠይቅ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

መተንፈሻውን አትርሱ። በዳገት የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ይስባል። በሐምሌ ዘይቱን ሳወርደው ወተት መስሎ ወጣ። የመተንፈሻውን ቱቦ በጎማ ቱቦ አስረዝሜ ከጭነት ክፍሉ በላይ ካሰርኩት ወዲህ የዲፈረንሻሉ 90 ቁጥር ዘይት ቀለሙን ሳይለውጥ ይቆያል።

ከዚያ ውጪ የኋላው ሞዞ አልላላም፣ ሸራውም ደረቅ ነው። ኩሽኔታዎቹን ክረምቱ ሲወጣ አስፈትቼ ግራሶ አስቀየርኩ፤ አንድም የተፋቀ አልነበረም። የአሮጌውን አክስል ቱቦ ሸጥኩት፤ ዲፈረንሻሉን ግን አስቀርቼዋለሁ። በዚህ ሞዴል የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የፊቱ አንድ ቀን ቢያቅተው በዚያው ቀን ይተካል።