ከሰው ጋር ለመጫወት የቱን ልግዛ?

«ኮንሶል ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?» ኮንሶል የሚሉት የጌም ማጫወቻውን ማሽን ነው፦ ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስ ወይም ኒንቴንዶ። ይህን ጥያቄ በወር ሦስት አራቴ እሰማለሁ። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ደግሞ ይህቺ ትከተላለች፦ «ብቻዬን መጫወት ሰልችቶኛል፤ ሰው ያለበትን ንገረኝ።» ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ከወዲሁ ልናገር፤ ገለልተኛ አይደለሁም። ከሰው ጋር መጫወት የፈለገ ኮምፒውተር ይግዛ ባይ ነኝ። እዚህ የደረስኩትም ገንዘቤን ከስክሼ ነው። ስለ ምስል ጥራትና ስለ ፍጥነት አልጽፍም፤ እሱ ካርቶኑ ላይ አለ። ካርቶኑ ላይ የማይጻፈው፣ ሰው የሚገናኝበት ነገር ዕቃው ከተሸጠላችሁ በኋላ አንድ በአንድ እየተነሳ መሄዱ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዋጋዎቹ ኩባንያዎቹ ራሳቸው በ2025 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ያስከፍሉት የነበረው ነው። ስሌቱን በራሳችሁ አገር ቁጥር ሥሩት።

ምን እንደጠፋ ለማይገባው ሰው አንድ ነገር ልንገረው። ድሮ የምወደው አንድ የተኩስ ጌም ነበር። ስትከፍቱት የሰርቨር (ተጫዋቾች ተገናኝተው የሚጫወቱበት ኮምፒውተር) ዝርዝር ይመጣል። እኔ ሁሌ የምገባው አንዱ ጋ ነው፤ ሃያ ሰው ብቻ የሚይዝ። ስማቸውን እንጂ ፊታቸውን አላውቅም። አንዱ ሁልጊዜ ልጁን አስተኝቶ ነበር የሚመጣው። ልጁ ሲነቃበት ጨዋታው መሀል ላይም ቢሆን «መጣሁ» ብሎ ይጠፋል። ማንም አይቆጣውም፤ እንዲያውም ሲመለስ «ተኛ?» ብለን እንጠይቀዋለን። ከዚያ አንድ አፕዴት መጣና ዝርዝሩን አነሳው። አሁን «ተጫወት» የሚል አንድ ቁልፍ ብቻ አለ። ጌሙ ራሱ ከማታውቁት ሰው ጋር ያገናኛችኋል፤ አሥር ደቂቃ ትጫወታላችሁ፤ ይበትናችኋል። ጎበዝ አጋር ቢገጥማችሁም ስሙን አንብባችሁ ሳትጨርሱ እሱ ሌላ ሎቢ (የጨዋታ መጠበቂያ) ውስጥ ነው። የልጁ አባት የት እንደገባ እስካሁን አላውቅም።

እንግዲህ ስትገዙ የምትጠይቁት ይህንን ነው፦ የለመድኳቸውን ሰዎች ነገም እዚያው አገኛቸዋለሁ ወይ?

ፕሌይስቴሽን ላይ መልሱ ጥሩ አይደለም። ፒኤስ 4፣ ማለትም የቀድሞው ፕሌይስቴሽን፣ «ኮሚዩኒቲስ» የሚባል ነገር ነበረው። ማንም ተነስቶ በሚወደው ጌም ስም ግሩፕ ይከፍታል፣ ሰው ይገባበታል፣ ይቀጣጠራሉ። በ2020 መጨረሻ የወጣው ፒኤስ 5 ይህ አልነበረበትም፤ በኤፕሪል 2021 ደግሞ ከፒኤስ 4ም ላይ ተነሳ። ፒኤስ 5 በምትኩ ይዞት የመጣው ጨዋታ ሲያልቅ ለሌላው ተጫዋች «ረድቶኛል»፣ «ጥሩ አቀባበል አድርጎልኛል» የሚል ምስጋና መስጫ ነበር። እሱንም በ2022 አነሱት፤ የጠበቅነውን ያህል ሰው አልተጠቀመበትም አሉ። ከዚያ በፊት «ፕሌይስቴሽን ሆም» ነበረ፤ በ2008 ተከፍቶ በማርች 2015 የተዘጋ፣ ሰው እየተዘዋወረ የሚያወራበት ሰፈር። ያንን የሚያስታውስ ሰው ዛሬም ሲያወራለት አያልቅበትም።

ክፍያውስ? ኦንላይን ለመግባት የሚከፈለው ዝቅተኛው የፒኤስ ፕላስ ዓመታዊ ዋጋ 59.99 ዶላር ነበር። በሴፕቴምበር 2023 79.99 ሆነ። በአንድ ጊዜ 20 ዶላር! ሰው መገናኛው እየተቀነሰ፣ መግቢያው እየተወደደ። እስቲ አስሉት፦ ሲዲ የማይወስደው ፒኤስ 5 499.99 ነው። አምስት ዓመት ስትከፍሉ 399.95 ይጨመራል። 900 ዶላር ሊሆን 6 ሳንቲም ቀረው። እርግጥ ከክፍያው ጋር በየወሩ ጌሞች ይሰጣሉ፤ ክፍያውን ስታቋርጡ ግን እነሱም ይቆለፋሉ። እንደ ፎርትናይት ያሉ በነፃ የሚወርዱ ጌሞች ይህን ክፍያ አይጠይቁም። የምትጫወቱት እነሱን ብቻ ከሆነ ሒሳቡ ይቀልላችኋል።

እዚህ ላይ ስለ ጆይስቲክ ካልተናገርኩ ያመኛል። ኦሪጅናሉ የፒኤስ 5 ጆይስቲክ 74.99 ዶላር ነው። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ በሲሶ ዋጋ የሚሸጥ አገኘሁ። ካርቶኑ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ክብደቱ ብቻ ትንሽ ይቀላል። ሦስት ማታ ሙሉ ጓደኞቼ «ማይክህን ክፈት» ሲሉኝ ከረሙ። ክፍት ነው እላለሁ፤ አይሰሙኝም። በአራተኛው ቀን ብሎኑን ፈትቼ አየሁት። ከፊት ለፊት የማይክ ቀዳዳው አለ፤ ከቀዳዳው ኋላ ምንም የለም። ፕላስቲኩን ቀድተው በስተውታል፣ ማይኩን ግን አላስገቡም! ፎርጅድ ሠሪው እንኳ ሰው ከሰው ጋር ማውራቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሻጩ ጋ ስመለስ «ተከፍቷል» ብሎ አልቀበልም አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከፍቼዋለሁ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጆይስቲኩን ፒኤስ 5 ላይ አገናኙ። ቅንብር ውስጥ ድምፅ፣ ከዚያ ማይክሮፎን የሚለው ጋ ግቡና ተናገሩ። መለኪያው ካልተንቀሳቀሰ ትታችሁት ውጡ። አናሎጉንም (በአውራ ጣት የሚገፋውን ዱላ) ጣታችሁን አንስታችሁ እዩት። ሳትነኩት ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ራሱ መራመድ ከጀመረ ውስጡ ያለው ተፋታጊ ክፍል አልቋል ማለት ነው። ማስጠገን ይቻላል፤ ግን አንዱን አናሎግ ለመቀየር 14 ቦታ ላይ ያለውን ብየዳ አቅልጦ ማንሳት ያስፈልጋል። እጁ ያልጠና ሰው ሰሌዳውን አቃጥሎ ይመልስላችኋል። የምትቀይሩት ከሆነ በማግኔት የሚሠራውን ዓይነት አስገቡበት፤ የሚፋተግ ነገር ስለሌለው እንዲህ በቶሎ አያልቅም።

ያገለገለ ኮንሶል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የማውቀው ልጅ በግማሽ ዋጋ ገዛ፤ ይበራል፣ ይጫወታል፣ ሁሉም ሰላም። ኦንላይን ሲል እምቢ። የቀድሞው ባለቤት ባጠፋው ጥፋት ዕቃው ራሱ ከኔትወርክ ታግዷል። አዲስ አካውንት ቢከፍትም ዋጋ የለውም፤ የታገደው ማሽኑ ነዋ። ሻጩ ፊት በራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ አንድ ጨዋታ ኦንላይን ሳትጫወቱ ገንዘብ አታውጡ። ይህ ለሦስቱም ኮንሶሎች ይሠራል።

ኤክስቦክስ ላይ ብዙ አልቆይም። ታሪኩ ግን ያሳዝናል። በኖቬምበር 2002 ኤክስቦክስ ላይቭ የተባለው የኦንላይን አገልግሎቱ ሲጀምር ኮንሶል ላይ ከሰው ጋር እያወሩ መጫወትን ያስለመደው እሱ ነው። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ አገልግሎት በኤፕሪል 15 ቀን 2010 ሲዘጋ ሄሎ 2 የሚባለውን የተኩስ ጌም የሚጫወቱ ጥቂት ሰዎች «አንወጣም» አሉ። የገባ ሰው ካልወጣ ጨዋታው ስለማይቋረጥ ማሽናቸውን ሳያጠፉ ቀሩ። የመጨረሻው የወጣው በሜይ 10 ነው። ሃያ አምስት ቀን! ኮንሶሉ ሲግል፣ መስመሩ ሲቋረጥ እየተንጠባጠቡ ነው ያለቁት። እንዲህ ዓይነት ፍቅር የነበረበት ቤት ነው። ዛሬ ግን ዋጋውን ተመልከቱ። በጃንዋሪ 2021 ዓመታዊውን ክፍያ ወደ 120 ዶላር ሊያደርሱት ነበር፤ ሰው ሲጮህባቸው በዚያው ቀን መለሱት። አሁን ኦንላይን ለመግባት የሚከፈለው ዝቅተኛው የጌም ፓስ ክፍያ በወር 9.99 ነው፤ በዓመት ስትመቱት ያው 120 ገደማ። ርካሹ ኤክስቦክስ፣ ሲሪስ ኤስ፣ 399.99፣ የአምስት ዓመቱ ክፍያ 599.40። ከዕቃው መግቢያው ይበልጣል። ጠቅላላው 999.39። ከፕሌይስቴሽኑ ጋር ማወዳደር ከዝንጀሮ ቆንጆ መምረጥ ነው።

ኒንቴንዶ የራሱ ጠባይ አለው። በ2012 ዊ ዩ ከተባለው ኮንሶሉ ጋር «ሚቨርስ» የሚባል አመጣ። ሰው ጌሙን መሀል ላይ አቁሞ በእጁ ይጽፍበት፣ ሥዕል ይሥልበት ነበር። አንድ ቦታ ላይ ተሸንፋችሁ ስትገቡ ሌላውም እዚያው ተሸንፎ ሲያለቅስ ሥሎ ታገኙታላችሁ። በኖቬምበር 2017 ተዘጋ። በዚያው ዓመት የወጣው ቀጣዩ ኮንሶሉ፣ ስዊች፣ መልእክት እንኳ አይልክም፤ ለማውራት ስልክ ላይ ሌላ አፕ መክፈት ነበረባችሁ። ኮንሶል ገዝቶ በስልክ ማውራት!

ስዊች 2 ግን ተሻሽሏል፤ ይህን መካድ አልችልም። በጁን 2025 ሲወጣ ማይኩ ዕቃው ላይ ነው፣ ጆይስቲኩ ላይ «ሲ» የምትል ቁልፍ አለች። ስትጫኗት እስከ 12 ሰው ያወራል። እስከ ማርች 31 ቀን 2026 በነፃ ነው ተባለ፤ ከዚያ በኋላ በዓመት 19.99 የሚከፈልበት አባልነት ይጠይቃል። የቤተሰቡን ከገዛችሁ 34.99 ለ8 አካውንት ነው፤ ለአንድ ሰው 4 ዶላር ከ37 ሳንቲም። በኮንሶል ዓለም ከዚህ የረከሰ አላየሁም። ችግሩ፣ የምታወሩት ቀድማችሁ ጓደኛ ያደረጋችሁትን ብቻ ነው። ለቤተሰብና ለቆየ ጓደኛ ተስማሚ ነው። አዲስ ሰው ለማግኘት ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ወገኔ። ስዊች 2 449.99 ነው፤ የአምስት ዓመት አባልነት ሲጨመር 549.94። በእጅ የሚያዘው ኮምፒውተር፣ ስቲም ዴክ ኦሌድ፣ 549። የ94 ሳንቲም ልዩነት። ከዚያ በኋላ ግን ስቲም፣ ማለትም የኮምፒውተር ጌም የሚገዛበት መደብር፣ ኦንላይን ለመጫወት ሳንቲም አይጠይቃችሁም፤ በ2003 ሲጀምርም አልጠየቀም። አንድ ነገር ብቻ አለ፦ አካውንቱ ላይ ቢያንስ 5 ዶላር ካላወጣችሁ ለሰው የጓደኝነት ጥያቄ መላክ አትችሉም። አጭበርባሪ ለመከላከል ነው። ከ2007 ጀምሮ ግሩፕ፣ መወያያ፣ የጓደኛ ዝርዝር አለው፤ ዛሬም እዚያው አሉ። ያረጀ ጌም ብትገዙ እንኳ መወያያው ላይ «ማነው ያለው?» ብሎ የሚጽፍ አታጡም።

ኮምፒውተርም ንፁህ አይደለም። ቲም ፎርትረስ 2 የተባለው ጌም በ2016 ወደ አውቶማቲክ ማገናኛ ሲዞር ብዙ የሰው ሰርቨሮች ደርቀዋል። ባትልፊልድ 2042 በ2021 ሲወጣ የለመድነውን የሰርቨር ዝርዝር ለዋናው ጨዋታ ይዞ አልመጣም። ልዩነቱ፣ እዚህ በሩ ሲዘጋ በመስኮት ይገባል። ጌሞች ተጫዋች ያገናኙበት የነበረው ጌምስፓይ የተባለ አገልግሎት በ2014 ሲዘጋ ብዙ ጌሞች ኦንላይን አልባ ቀሩ፤ ተጫዋቾች የራሳቸውን ምትክ ሰርቨር ሠርተው ከፊሎቹን መልሰው አስነሱ። ማይንክራፍት የተባለውን ጌም የኮምፒውተር ዓይነት፣ ጃቫን፣ ብትወስዱ የሰርቨሩ ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል። ኮንሶል ላይ ያለው ማይንክራፍት ግን የፈለጋችሁትን ሰርቨር አድራሻ የምታስገቡበት ቦታ የለውም፤ የተመረጡትን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ።

እኔ ጥግ ላይ የተጣለ ያረጀ ኮምፒውተር አንስቼ የማይንክራፍት ሰርቨር አድርጌዋለሁ። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ስምንት ሰዎች ነን። አንዷ አንድም ቀን ተናግራም ጽፋም አታውቅም። ግን በገባች ቁጥር የሁላችንም ደጃፍ ላይ ስንዴ ትዘራለች። አንድ ሳምንት ስትጠፋ ሁሉም ሰው «የስንዴዋ ልጅ ደህና ናት?» ማለት ጀመረ።

«ዲስኮርድ እያለ ምን አስጨነቀህ?» የሚሉኝ አሉ፤ ተጫዋቾች በድምፅና በጽሑፍ የሚያወሩበትን አፕ ማለታቸው ነው። ዲስኮርድ በኤክስቦክስ ከ2022፣ በፒኤስ 5 ከ2023 ጀምሮ ድምፅ ያስገባል፤ አሪፍ ነው። ግን ዲስኮርድ የሚይዘው ያገኛችኋቸውን ሰዎች ነው። መጀመሪያ የምታገኟቸው የት ነው? የስንዴዋን ልጅ ዲስኮርድ ላይ አላገኛትም ነበር፤ አትናገርማ።

ኮምፒውተር ስትገዙ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ስቲም ዴክ ላይ ፎርትናይትና ቫሎራንት አይሠሩም፤ ጓደኞቻችሁ እዚያ ከሆኑ ዊንዶውስ ያለው ያገለገለ ኮምፒውተር ይሻላችኋል። ደግሞ «መቶ ጌም ያለበት አካውንት በርካሽ» የሚል ከመጣባችሁ እንዳትነኩት። አካውንት መሸጥ በስቲም ሕግ ክልክል ነው፤ የመጀመሪያው ባለቤት መልሶ ሲወስደው ደግሞ ጌሞቹ ብቻ አይደሉም የሚሄዱት፤ ያፈራችሁት የጓደኛ ዝርዝርም አብሮ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ጽፌ ልጨርስ ስል አንድ ልጅ ደወለ። ያው ጥያቄ። ኮምፒውተር ግዛ ብዬው ምክንያቱን መዘርዘር ስጀምር «የአክስቴ ልጆች አራቱም ፒኤስ 5 አላቸው፤ ሁሌ ማታ አብረው ናቸው» አለኝ። እንግዲህ ምን ልበለው። ፒኤስ 5 ግዛ አልኩት። ጆይስቲኩን ግን ማይኩን ሳትሞክር እንዳትከፍል።